ለቆየ ስፖርት መኪና ምንጣፍና የወኪል አክሰሰሪ፦ የትኛው ይሻላል?

ለስፖርት መኪና ምንጣፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ከወንበሩ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ዓርማው ተጠልፎበታል ወይ፣ ጠርዙ በምን ተሰፍቷል። ለአዲስ መኪና ይህ ያስኬዳል። 50 እና 60 ዓመት ለሞላው መኪና ግን እኔ ምንጣፍን የምመርጠው ከሥሩ በሚያስቀረው ነገር ነው። ውሃ ያቁራል? ሙቀት ያፍናል? ከታቹ ያለውን ፕላስቲክ ያበላሻል? ወደ ፔዳሉ ይሸሻል? ለአክሰሰሪም የምጠይቀው ያንኑ ነው፦ አንድ ቀን ሲነሳ ምን ጥሎ ይሄዳል?

ይህን ያስተማረኝ አንድ ኤም ጂ ቢ ነው። ወዳጄ ሊገዛው ፈልጎ አብሬው ላየው ሄድኩ። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ልክክ ብሎ ተነጥፏል። ሻጩ ምንጣፉ የወኪል ዕቃ መሆኑን ደጋግሞ ነገረን። ጫፉን ይዤ ሳነሳው ከሥሩ ያለው ካርፔት ተጣብቆ አብሮት መጣ፤ ከካርፔቱ ጀርባም ቀይ አፈር የመሰለ ዝገት ረገፈ። የሹፌሩ ተረከዝ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ላሜራው እንደ ረጠበ ካርቶን እሺ አለ።

ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን ላይ የተመረተ መኪና ነው፤ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚሸከሙት ወለሉና ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት የብረት ሳጥኖች ናቸው። ስለዚህ ያ ምንጣፍ ሸፍኖት የነበረው ዝገት የመኪናውን አጥንት ነበር የሚበላው። ወዳጄ መኪናውን ተወው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፍ ሳላነሳ መኪና አይቼ አላውቅም።

ፋብሪካ፣ ወኪል፣ ገበያ

ሻጮች እነዚህን ሦስቱን ሲያደባልቋቸው ስለምሰማ እዚህ ላይ ልለያቸው። የፋብሪካ ዕቃ ማለት መኪናው ሲታዘዝ አብሮ ታዝዞ ማምረቻው ውስጥ የተገጠመ ነው። የወኪል አክሰሰሪ የምንለው አምራቹ በራሱ ካታሎግ ያወጣው ወይም ያጸደቀው ሆኖ፣ መኪናው ወኪሉ ዘንድ ከደረሰ በኋላ በወኪሉ ጋራዥ የተገጠመ ነው። የገበያ ዕቃ ደግሞ ሌላ ድርጅት ለዚያ ሞዴል ይሆናል ብሎ የሠራው ነው። ከሦስቱ የትኛውም በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው አንዱን በሌላው ስምና ዋጋ መግዛት ነው።

ዳትሰን 240ዜድን ውሰዱ። በ1969 መጨረሻ ወጥቶ በአሜሪካ ገበያ እስከ 1973 የተሸጠ መኪና ነው። እዚያ አየር ማቀዝቀዣ የሚገጥሙለት ወኪሎቹ ነበሩ። እንግዲህ የ1970 መኪና ላይ ያለ ማቀዝቀዣ «ከፋብሪካ ጋር የመጣ ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ረጋ ብላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። በአሜሪካው ስፖርት መኪና በኮርቬት በኩል ደግሞ በ1974 የተመሠረተው የአዳሾች ማኅበር፣ ናሽናል ኮርቬት ሪስቶረርስ ሶሳይቲ፣ መኪና ሲመዝን መለኪያው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ምዘና መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ወኪሉ የጨመረውን ፋብሪካው ከገጠመው ለይቶ ካላወቀ ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው ያፈሳል። ለመንዳትና ለመደሰት የሚገዛው ግን ይህ ብዙም አያስጨንቀው፤ የዘመኑ የወኪል ዕቃ የመኪናው ታሪክ አካል ነው፣ ደረሰኙ ካለ ደግሞ ዋጋ ይጨምራል።

ጎማ ወይስ የኮኮናት ቃጫ?

የመጀመሪያው ክርክር ሁልጊዜ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው፤ ብዙ ጊዜ የምወስድበትም እሱ ላይ ነው።

የጎማ ምንጣፍ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከጫማ የሚወርደውን ውሃና ጭቃ ይይዛል፣ አውጥቶ በውሃ ማጠብ ይቻላል፣ ዋጋውም ከሁሉ ይረክሳል። ችግሩ የሚመጣው ውሃው ከላይ ሳይሆን ከሌላ አቅጣጫ ሲገባ ነው። በቆዩ ክፍት መኪኖች ደግሞ ውሃ የሚገባው በብዙ መንገድ ነው፦ በደረቀ የመስታወት ጎሚኒ፣ ከሞተር ክፍል በሚመጣው የሽቦ ቀዳዳ፣ በበር ሥር፣ በሸራው ጣሪያ ስፌት። ይህ ውሃ ካርፔቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከካርፔቱ ሥር ያለው የጁት ንጣፍ ይጠጣዋል፣ ከላይ ያለው ጎማ ደግሞ ክዳን ሆኖ እንዳይተን ያደርገዋል። ላሜራው ለወራት እርጥብ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ያየሁት ኤም ጂ ቢ የሞተው በዚህ ነው።

በመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ በ1989 በወጣው፣ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ውጤቱ አንድ ነው። የሸራውን ጣሪያ ውሃ የሚያወርዱት ቱቦዎች ከወንበሩ ኋላ ናቸው። በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ካርፔቱና ወደ ጎን ሳጥኖቹ ይሄዳል። ምንጣፉ ሥር እርጥበት ካገኛችሁ ምንጣፍ ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን ጥረጉ፤ አዲሱም ምንጣፍ በዚያው ውሃ ላይ ነውና የሚነጠፈው።

ጎማ ሌላም ጠባይ አለው። ጎማው እንዳያረጅ የሚጨመርበት ኬሚካል ቀስ እያለ ወደሚነካው ቪኒል ይሰርጋል፤ ቪኒሉም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡ ከላይ የተቀመጠ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። መሬቱ ወይም የካምቢዮው ዋሻ (በሁለቱ ወንበሮች መካከል ከፍ ብሎ የሚሄደው የወለል ክፍል) በቪኒል የተለበጠ መኪና ካላችሁ፣ የጎማ ምንጣፍ በቀጥታ እንዳይነካው መሃል ላይ ጨርቅ ነገር አስገቡበት፤ አለዚያ ሌላ ዓይነት ምረጡ።

የኮኮናት ቃጫ ምንጣፍ በተቃራኒው ወገን ያለ ነው። ከኮኮናት ፍሬ ውጫዊ ልጣጭ የሚገኘው ሻካራ ጭረት ተፈትሎ ይሸመናል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የፖርሽ 356፣ የመጀመሪያዎቹ 911 እና የዘመኑ መርሴዲሶች ባለቤቶች የሚወዱት ምንጣፍ ነበር፤ ዛሬም ለእነዚህ መኪኖች ተመሳሳዩ ይሠራል። ባለ ሁለት ቀለም ዳማ ሆኖ የተሸመነውን አንዴ ያየ ሰው ሌላ ምንጣፍ አይማርከውም፤ እኔንም ጨምሮ። አሸዋና አቧራ በጭረቶቹ መካከል ወርዶ ከታች ስለሚቀር የሚረገጠው ገጽ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ቃጫው ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) የበዛበት በመሆኑ እርጥበት ቶሎ አያበሰብሰውም፤ ከጥንት ጀምሮ ለመርከብ ገመድ የተመረጠው የባሕርን ውሃ ስለሚቋቋም ነው።

ይሁን እንጂ ምንጣፉ አልበሰበሰም ማለት ላሜራው ተረፈ ማለት አይደለም። ንጹሕ ሽመና የሆነው ውሃውን ለታችኛው ካርፔት ያስረክባል። ዛሬ የሚሠራው አብዛኛው ደግሞ ጀርባው ቪኒል ወይም ጎማ ስለተለበጠ ከሥር በሚመጣ ውሃ በኩል ከጎማ ምንጣፍ እምብዛም አይለይም። ሌላው ጉድለቱ ሻካራነቱ ነው። ከታች ያለውን የሱፍ ካርፔት ይፍቃል፣ ጭረት ያራግፋል፣ ጠርዙ ካልተለበጠ ይበተናል። ዋናው የካርፔት ልባስ ኦሪጂናል ከሆነና እሱን ማዳን ከፈለጋችሁ ኮኮናቱን በቀጥታ አታንጥፉበት።

ሲሳል የሚባለው፣ እኛ ቃጫ የምንለው ራሱ፣ ለስለስ ያለና ሽመናው የተጠጋ ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን እድፍ ይይዛል። ለደረቅ አየርና በክረምት ለማይወጣ መኪና ይስማማል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሱፍና ሰው ሠራሽ ካርፔት

ሱፍ ለእግር የሚሰጠውን ስሜት ሌላው አይሰጥም። ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ወስዶ ስትነኩት ደረቅ ይመስላል። ይህ ለቤት ምንጣፍ በጎ ጠባይ ነው፤ ለመኪና ወለል ግን ያታልላል። በእጃችሁ ዳብሳችሁ «ደርቋል» ያላችሁት ሱፍ ላሜራውን እያረጠበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሱፍ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ዝናብ ካገኘው በኋላ ዳሰሳውን ትቶ ምንጣፉን ማውጣት አለበት። ብል ይበላዋል፤ መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ይህንንም አስቡ። በበጎ በኩል ሙቀት ሲበዛበት አይቀልጥም፣ እሳት ሲነካውም በቀላሉ አይያያዝም።

የኋለኛው ነጥብ ለስፖርት መኪና ትልቅ ነገር ነው። ወለሉ ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው፣ የካምቢዮው ዋሻም ይግላል። ኮርቬትን ተመልከቱ፦ ከ1953 ጀምሮ ቦዲው ፋይበርግላስ ነው። በ1975 ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ሲገባለት ከሥር የሚመጣው ሙቀት ጨመረ፤ በ1976ም ፋብሪካው ከወለሉ ከፊሉን በብረት ተካ። ፋብሪካ ወለል እስኪቀይር ያደረሰ ሙቀት ከላይ የተነጠፈውንም ነገር ይመለከታል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጭረት የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ናይለን ግን እንደ ዓይነቱ ከ220 በላይ ይችላል። የመኪናችሁ ወለል እዚያ ባይደርስም ፖሊፕሮፒሊን ከመቅለጡ በፊት ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ይለቃል፣ ጠርዙ ይጣመማል። የተጣመመ ጠርዝ ደግሞ ወደ ፔዳል የሚነሳ ጠርዝ ነው።

ስለዚህ ከሰው ሠራሾቹ ናይለንን እመርጣለሁ። ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጣም፣ ቀለሙም አይለቅም፣ ርካሽ ነው፤ ለማይግል ወለልና ለተሳፋሪው በኩል መጥፎ አይደለም። የናይለኑ ጭረት ግን ከተረገጠ በኋላ ተመልሶ ይቆማል፤ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነቱን ያሳያችኋል።

ጠርዙ ከፍ ብሎ እንደ ሳህን የተሠራው አዲስ ዓይነት ፕላስቲክ ምንጣፍ ለቆየ መኪና አይሆንም ባይ ነኝ። የሚሠራው በኮምፒውተር ለተለካ ወለል ነው፤ በእጅ የተበየደ የ1960ዎቹ ወለል ግን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይለያያል። ልክ ያልመጣለት ሳህን ይወዛወዛል።

ልክ መምጣቱ

የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። ጃጓር ኢ ታይፕ በ1961 ሲወጣ ወለሉ ጠፍጣፋ ነበር፤ በ1962 መጀመሪያ ለእግር ቦታ እንዲሰጥ የፊቱ ወለል ዝቅ ተደረገ። የአንዱ ምንጣፍ ለሌላው አይሆንም፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ሁለቱም «ለኢ ታይፕ» ተብለው ይሸጣሉ። መሪው በግራ ወይም በቀኝ መሆኑም እንዲሁ ነው፤ የሹፌሩ ምንጣፍ የተሳፋሪው ግልባጭ ብቻ አይደለም፣ ለፔዳሉ የተቆረጠ ቦታ አለበት።

የቆየ 911 እና 356 ላይ ደግሞ ፔዳሎቹ የታጠፉት ከወለሉ ነው፤ ከላይ አይንጠለጠሉም። ምንጣፉ በፔዳሎቹ ዙሪያ ተቆርጦ መሠራት አለበት፤ ሁለንተናዊ ተብሎ የሚሸጥ አራት ማዕዘን ምንጣፍ እዚህ ቦታ የለውም።

ይህን የምለው የሰው ሕይወት የጠፋበት ነገር ስለሆነ ነው። በኦገስት 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወኪል በውሰት የሰጠው አንድ ሌክሰስ፣ የቶዮታ ሥሪት የሆነ መኪና፣ አደጋ ደርሶበት 4 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው የሌላ ሞዴል የጎማ ምንጣፍ በቦታው ሳይታሰር ተነጥፎ የነዳጁን ፔዳል ይዞት እንደነበር ነው። ቶዮታ በዚያው ዓመት ወደ 3.8 ሚሊዮን መኪኖችን በምንጣፍ ምክንያት ለማስተካከል መልሶ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያ አዲስ መኪና ነበር፣ ምንጣፍ መያዣ መንጠቆ የተሠራለት። የእኛ የቆዩ መኪኖች አብዛኞቹ መንጠቆ እንኳ የላቸውም።

ስለዚህ አዲስ ምንጣፍ ስታነጥፉ ሞተሩ ጠፍቶ ይህን አድርጉ። ምንጣፉን በእጃችሁ እስከሚሄድበት ድረስ ወደ ፊት ግፉት። ከዚያ ተንበርክካችሁ የነዳጁን ፔዳል በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ተጫኑና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ሲመለስ የምንጣፉ ጠርዝ አብሮት ከተነሳ ወይም ፔዳሉ ትንሽ እንኳ ከዘገየ ያ ምንጣፍ ለዚያ መኪና አይደለም። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑንም እንዲሁ። ከዚያ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ በምትነዱበት ጫማ ደግሙት፤ እጅ የማይገፋውን ተረከዝ ይገፋዋል። ሁለት ምንጣፍ አንዱን በሌላው ላይ ማንጠፍ ፈጽሞ አይደረግም።

ማሰሪያው ምን ይሁን? በብሎን ወደ ወለል የሚገባ ቁልፍ ከሁሉ ይጠብቃል፣ ግን ወለሉን ይበሳል። ከመብሳታችሁ በፊት መኪናውን አንስታችሁ ከሥር እዩ፤ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ በብዙ መኪኖች በዚያ ያልፋል። ቀዳዳውን በአንቲረስት ሳትቀቡ ብሎን አታስገቡ። ወለሉን መንካት ካልፈለጋችሁ ቁልፉን በካርፔቱ ላይ ብቻ የሚይዝ ዓይነት አለ፤ ካርፔቱ በደንብ የተጣበቀ ከሆነ ይበቃል። ተለጣፊ ጨርቅ ለተሳፋሪው ወገን ይሁን፣ ለሹፌሩ አይሁን፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቀዋል።

ያልተነካ አሮጌ፣ አዲስ ቅጂ፣ ወይስ በልክ የተሰፋ?

በመጋዘን ሳይከፈት የቆየ፣ በራሱ ከረጢት ውስጥ ያለ የወኪል ምንጣፍ ለሰብሳቢ ዕንቁ ነው። ነገር ግን ጎማ ሳይረገጥም ያረጃል። ከአየሩ ኦክስጅንና ኦዞን ጋር እየተገናኘ ይደርቃል። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ጥግ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ በእጥፋቱ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ከታዩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው እንጂ የሚረገጥ አይደለም። የታጠፈ ሆኖ የከረመ ጎማም ጠፍጥፎ አይተኛም።

የዛሬ ቅጂዎች ጥራታቸው ይለያያል። ዓርማውንና ፊደሉን ተጠግታችሁ እዩ፦ ከኦሪጂናል ሻጋታ የወጣ ፊደል ጠርዙ ስል ነው፤ ከአሮጌ ምንጣፍ ላይ ተቀድቶ የተሠራ ሻጋታ ፊደሉን ያሟሟዋል። ሽታውንም አትናቁ። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ አጥብቆ የሚሸት ቪኒል የሚያለሰልሰውን ዘይት እየለቀቀ ነው፤ ያ ዘይት መስታወታችሁ ላይ ጭጋግ ይሆናል፣ ምንጣፉም እየደረቀ ይሄዳል።

ለእኔ ለሚነዳ መኪና የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ በልክ ማሰፋት። ወፍራም ወረቀት ወለሉ ላይ ታነጥፋላችሁ፣ ጠርዙን በጣታችሁ እየጫናችሁ እርሳስ ታስኬዳላችሁ፣ በፔዳሎቹ ዙሪያ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ትተዋላችሁ፣ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ትለኩታላችሁ። ወረቀቱ ላይ የትኛው ፊት እንደሆነ ጻፉበት፤ ሳይጻፍበት የተሰጠ ወረቀት ተገልብጦ ተሰፍቶ ሲመጣ አይቻለሁ። የተረከዙ ቦታ ላይ የጎማ ወይም የቆዳ መርገጫ አሰፉበት። ጀርባው ጠንካራ ጎማ ሳይሆን አየር የሚያሳልፍ ጥርስ ያለው ጨርቅ ቢሆን ከሥር ያለው ወለል ይተነፍሳል።

አሁን ወደ አክሰሰሪው

ከሁሉ በፊት የኋላ ኮፈን ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ፣ በተለምዶ ፖርቶመጋላ የምንለው። በቆየ ክፍት መኪና ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር ጥቂት ነው፤ ሻንጣ በቆዳ ማሰሪያ ታስሮበት ሲታይ መኪናው ራሱ መንገድ ሊወጣ የተዘጋጀ ይመስላል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በኮፈኑ ላይ በብሎን የሚበሳ ነው። ሁለተኛው ጠርዙን በመያዣ የሚጨብጥ ነው። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፣ ብዙዎቹ የዘመኑ የወኪል ዕቃዎችም እንዲህ ነበሩ። ግን ቢያንስ አራት ቀዳዳ ያስቀምጣል። በቀዳዳው ውሃ ወደ ሻንጣው ክፍል ይገባል፣ ከእግሮቹ ሥርም ቀለሙ ይነሳል። አንድ ቀን ላውጣው ካላችሁ ብየዳ፣ ስቱኮ፣ ከዚያም የሙሉ ኮፈኑን ቀለም ትከፍላላችሁ።

እኔ የምለው፦ መኪናው ላይ ከድሮ የተበሳ ቀዳዳ ካለ የሚበሳውን ዓይነት ግዙና በዚያው ቀዳዳ ግጠሙ። ቀዳዳ የሌለውን ኮፈን ግን አትብሱ፤ የሚጨብጠውን ውሰዱ። እግሮቹ ሥር ያለው ጎሚኒ ሰፊና ለስላሳ ይሁን። በዓመት አንዴ አንስታችሁ ከሥሩ እጠቡ፤ በጎሚኒውና በቀለሙ መካከል የገባች አሸዋ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ትፍቃለች።

ተጨማሪ የጭጋግ መብራት ሁለተኛው ተፈላጊ ነው። እዚህ ላይ መልኩን ትታችሁ የዲናሞውን አቅም አስሉ። የመጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ቢዎች ሉካስ ሲ40 ዲናሞ አላቸው፤ በሙሉ አቅሙ የሚሰጠው 22 አምፔር ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች ብቻ ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። ዋናው መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያውና የማሞቂያው ማራገቢያ የሚካፈሉት የቀረውን ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው ከዚያም በታች ነው የሚሰጠው። ሌሊት በትራፊክ መሃል ባትሪው ይወርዳል። ስለዚህ ኦሪጂናል ዲናሞ ላለው መኪና አነስተኛ ዋት ያለው አምፖል ወይም ኤል ኢ ዲ ምረጡ፤ ሽቦውን በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) እና በራሱ ፊውዝ አሠሩ።

ኤል ኢ ዲም ሆነ ዘመናዊ ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪው የትኛው ጫፍ ከቦዲ ጋር እንደታሰረ እዩ። ኤም ጂ ቢ እስከ 1967 ድረስ ፖዘቲቩ ነበር ቦዲ ላይ የታሰረው። ለተለመደው አሠራር፣ ኔጋቲቩ ቦዲ ላይ ለሚታሰርበት፣ የተሠራ ሬዲዮ እዚያ ላይ ሲገጠም ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። የዘመኑን የወኪል ሬዲዮ ካገኛችሁ ከጀርባው የተጻፈውን ምልክት አንብቡ፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም እንዲቀበሉ መቀየሪያ አላቸው።

የበር መርገጫ ላይ የሚለጠፈው ብረት፣ የመኪናው ስም የተቀረጸበት፣ ርካሽና ደስ የሚል ስጦታ ነው። ግን የሚቀመጠው መኪናው መጀመሪያ በሚበሰብስበት በዚያ የጎን ሳጥን ላይ ነው። በብሎን የሚያዘውን አልመክርም። በማጣበቂያ የሚያዘውም ጠርዙ ዙሪያውን ካልተዘጋ ውሃ ይይዛል። የሚሸጥ መኪና ላይ አዲስ መርገጫ ብረት ካያችሁ ከሥሩ ምን እንዳለ ሻጩን ጠይቁ።

የጭቃ መከላከያ ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር በሚገናኝበት መስመር እርጥብ አፈር ያጠራቅማል፤ ጠጠር መንገድ የማይሄድ መኪና አያስፈልገውም። የጎን ጌጥ መስመርም ከእሱ አይሻልም፤ በሁለቱም በር ላይ ቀዳዳ በረድፍ ነው የሚያስቀምጠው።

መሪ መቀየር የሚፈልግ ብዙ ነው። የእንጨት መሪ ለቆየ መኪና ይገባዋል፣ ሲነሳም ቀዳዳ አይጥልም፤ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ብቻ ነው። መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ማዕከል ግን ለራሱ ዓመትና ሞዴል የተሠራ ይሁን፤ ጥርሱ ልክ ካልሆነ ሊያመልጥ ይችላል። በአሜሪካ የተሸጠው የመጀመሪያው ኤም ኤክስ 5 በሹፌሩ በኩል ኤርባግ ነበረው። ያንን አውጥቶ የእንጨት መሪ መትከል እኔ አላደርገውም፣ ለማንም አልመክርም።

ቸርኬን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ባለ ሽቦ ቸርኬ የሚገጠመው ጥርስ ባለው የራሱ መሃል ላይ ነው፤ በዳዶ ለሚታሰር ቸርኬ በተሠራ መኪና ላይ መሃሉን ሳትቀይሩ አይገባም፤ የቸርኬው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ሚኒላይት ቸርኬ ኦሪጂናሉ ከማግኒዚየም ነበር፤ ማግኒዚየም ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይበላል፣ ይሰነጠቃል። ለመንዳት በአልሙኒየም የተሠራውን ግዙ፤ ኦሪጂናሉን ካገኛችሁ ስንጥቅ ሳታስመረምሩ አትንዱበት።

ጠንካራ ጣሪያ ማለትም ከላይ ተገጥሞ የሚነሳው፣ ከሁሉም አክሰሰሪ ዋጋውን የሚጠብቅ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናውን ከዝናብ ያስጠልላል፣ በዚያም ወለሉን ይጠብቃል፤ ሲነሳም የሚቀረው የራሱ መያዣ ብቻ ነው። ስትገዙ ጎሚኒዎቹ ሙሉ መሆናቸውን፣ መያዣዎቹ አብረው መምጣታቸውን አረጋግጡ። ጎሚኒው የደረቀ ጣሪያ ውሃውን በመስታወቱ ጥግ ያስገባና በቀጥታ ሹፌሩ እግር ሥር ያወርደዋል።

በርቀት የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የምንጣፉን ጀርባ፣ ዕቃው የሚገጠምባቸውን ቀዳዳዎች በቅርበት፣ እና የዕቃውን ቁጥር። መኪናውን ጭምር የምትገዙ ከሆነ አራተኛ ጨምሩ፦ ምንጣፉም ካርፔቱም ተነስቶ፣ የሹፌሩ ወለል ባዶውን።